ሱዛና ዌስሊ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ማታ

በታሪክ መጻሕፍት ገጾች ላይ ስማቸው ገኖ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታት፤ የጦር አለቆችና የሊቃውንት ነው። እኔ ግን ለዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት የመረጥሁት ዙፋን ያልነበራት፤ ጦር ያልመራች፤ ዩኒቨርሲቲም ገብታ ያልተማረች የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ይህች ሴት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር፤ ረግረግ በከበበው አንድ ገጠር የኖረች የቄስ ሚስትና የብዙ ልጆች እናት ናት። ስሟም ሱዛና ዌስሊ ይባላል። ታላቅ ያሰኛት ሥራ የተሠራው በአደባባይ ሳይሆን በማድ ቤቷና በልጆቿ አጠገብ ነው።

ወደ ታሪኳ ከመግባቴ አስቀድሞ ለምን እንደ መረጥኋት ልናገር። እኛ በቤታችን ስድስት ልጆች ነን፤ የሁሉም ታላቅ እኔ ነኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆኑ በወር ውስጥ ከጥቂት ቀን በቀር ቤት አያድሩም። እናቴ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ኑሮውን ትደግፋለች። ማንበብ ባትችልም ዘወትር ማታ ከራት በኋላ ሁላችንንም አቁማ አባታችን ሆይን ታስደግመናለች። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ጸሎቱ እንዳለቀ፤ ሰባት ዓመት የሆነው ትንሹ ወንድሜ ወደ አልጋዬ መጥቶ ይህን ሁሉ የምንናገረው ለማን እንደሆነ፤ መስማቱስ በምን እንደሚታወቅ ጠየቀኝ። በማግሥቱ ፈተና ነበረብኝና ዝም ብሎ እንዲተኛ ተቈጥቼ አዘዝሁት። እርሱም ሄዶ ተኛ። ከዚያም ወዲያ ስለዚህ ነገር አልጠየቀኝም። ነገሩን የረሳሁት መስሎኝ ነበር። የሱዛናን የሕይወት ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ግን ያ ማታ ትዝ አለኝ፤ አፈርሁም።

ሱዛና የተወለደችው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1669 ዓመት በጥር ወር በለንደን ከተማ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቷ ዶክተር ሳሙኤል አንስሊ ስመ ጥሩ ሰባኪ ነበረ። በ1662 የእንግሊዝ መንግሥት ካህናቱ ሁሉ በአንድ የጸሎት መጽሐፍ ብቻ እንዲያገለግሉ ባዘዘ ጊዜ፤ ሕሊናው ይህን ስላልተቀበለለት ደብሩንና ደመወዙን ትቶ የወጣ ሰው ነው። ሱዛና የመጨረሻ ልጁ ስትሆን፤ እንደሚነገረው ከሆነ ሃያ አምስተኛው ነበረች። በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ በር ለሴት ልጅ የተዘጋ ነበር። ነገር ግን በአባቷ ቤት መጽሐፍ ሞልቶ ስለ ነበረና ብዙ የተማሩ እንግዶችም እየመጡ ስለ ሃይማኖት ይከራከሩ ስለ ነበረ፤ ልጅቱ በዝምታ እያዳመጠች በብዙ ተማረች።

ገና አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሳለች የሁለቱን ወገኖች ክርክር በራሷ መርምራ፤ አባቷ ወደ ተለየው ወገን ሳይሆን አባቷ ወደ ተወው ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ቈረጠች። ለእምነቱ ሲል እንጀራውን ላጣ አባት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቷ ግን አልረገማትም፤ ከቤትም አላባረራትም፤ ፍቅራቸውም እስከ ሞቱ ድረስ ጸንቶ ኖረ። ይህን አንባቢ ልብ እንዲለው እለምናለሁ፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

በ1688 በኅዳር ወር፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤ ሳሙኤል ዌስሊ የተባለውን ወጣት አገባች። እርሱም እንደ እርሷ ከተለየው ወገን ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰ፤ የተማረ፤ ግጥም የሚወድ፤ ነገር ግን ቍጡና ገንዘብ መያዝ የማያውቅ ሰው ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊንከንሺር በተባለው አውራጃ በኤፕወርዝ መንደር ቄስ ሆኖ ተሾመ። ኤፕወርዝ ዙሪያውን ረግረግ የከበባት ደሴት መሰል ስፍራ ነበረች። ከእነርሱ መምጣት በፊት መንግሥት ረግረጉን በማድረቁ ብዙ ገበሬዎች የግጦሽና የዓሣ ማጥመጃ ስፍራቸውን አጥተው ነበር። ስለዚህ የንጉሥ ወገን የሚመስላቸውን ሰው ሁሉ ይጠሉ ነበር፤ አዲሱንም ቄስ በደስታ አልተቀበሉትም።

ሱዛና በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ወለደች። ከእነዚህም ዘጠኙ በሕፃንነታቸው ሞቱ። በ1705 በምርጫ ሰሞን የሳሙኤል ተቃዋሚዎች ሌሊቱን ሁሉ በቤቱ ደጅ ከበሮ እየመቱና እየጮኹ አደሩ። ሱዛና ከወለደች ብዙ ጊዜ አልሆናትም ነበር። ሕፃኑን ይዛ ስትጠብቅ ያደረችው ሞግዚት እንቅልፍ አሸንፏት ሳታውቅ ተኝታበት ሕፃኑ ሞተ። ያችን ሞግዚት አንቀው እንዲያወጡ እናቲቱ የተናገረችው ክፉ ቃል በታሪክ አልተገኘም።

በዚያው ዓመት ሳሙኤል ከ30 ፓውንድ በማያልፍ ዕዳ ምክንያት ተይዞ በሊንከን እስር ቤት ታሰረ። ሱዛና ምንም ገንዘብ ስላልነበራት ያላትን ጌጥ፤ ቀለበቶቿን፤ ባሏ ሸጦ እንዲጠቀምባቸው ወደ እስር ቤት ሰደደችለት። እርሱም መልሶ ላከላት። ክፉ ሰዎችም ሌሊት መጥተው ልጆቹ ወተት የሚጠጡባቸውን ላሞች በጩቤ ወጉባቸው። በኋላ የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ቤተ ሰቡን በረዳ ጊዜ፤ እንጀራ አጥታ ታውቅ እንደሆነ ሱዛናን ጠየቃት። እርሷም ፈጽሞ አጥታ እንደማታውቅ፤ ነገር ግን እንጀራውን ለማግኘትና ዋጋውን ለመክፈል የደረሰባት ጭንቀት ከማጣት የማይሻል እንደ ነበረ ገለጸችለት።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን ልጆችን በእምነት ለማሳደግ ጸጥ ያለ ቤትና የተረፈ ጊዜ ያስፈልጋል ብለን እናስባለን። ሱዛና ግን ሁለቱም አልነበራትም። ልጅ በማሳደግ ረገድ የሠራችውን ሥራ ሁሉ የሠራችው ዕዳ፤ ሕመም፤ ሞትና ጠላት በከበበው ቤት ውስጥ ነው።

እንግዲህ የቤቷን ሥርዓት እንመልከት። ጆን የተባለው ልጇ ካደገ በኋላ ልጆቿን እንዴት እንዳሳደገች እንድትጽፍለት ስለ ለመናት በ1732 ረዥም ደብዳቤ ጽፋለታለች፤ የቤቷን ሥርዓት በዝርዝር ያወቅነውም ከዚህ ደብዳቤ ነው። ልጆቿ አፋቸውን እንደ ፈቱ ወዲያው አባታችን ሆይን ይማራሉ፤ ጧት ሲነሡና ማታ ሲተኙም ይደግሙታል። ከዚያ እያደጉ ሲሄዱ ለወላጆቻቸው የሚጸልዩት አጭር ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ይጨመርላቸዋል። ገና መናገር የማይችሉት እንኳ በማዕድ ላይ ሲባረክ በምልክት በረከት እንዲለምኑ ይለማመዱ ነበር።

ፊደል የሚማሩት አምስት ዓመት በሞላቸው ማግሥት ነው። በዋዜማው ቤቱ ተሰናድቶ፤ ለሁሉም ሥራው ተከፋፍሎ፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት፤ ከሰዓት በኋላም ከስምንት እስከ አሥራ አንድ፤ ማንም ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ይከለከላል። ከሁለቱ ሴቶች ልጆች በቀር ሁሉም በአንድ ቀን ፊደሉን ለይተዋል፤ እነዚያም ሁለቱ የፈጀባቸው አንድ ቀን ተኩል ነው። በማግሥቱ የመጀመሪያ ንባባቸው የኦሪት ዘፍጥረት አንደኛው ምዕራፍ ነበር። ሴት ልጅም ንባብ በሚገባ ሳታውቅ መርፌና ክር እንዳትይዝ የሚል ሕግ ነበራት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሕግ በብዙ ቤት አይገኝም ነበር። ሜሄታቤል የተባለችው፤ በቤት ስሟ ሄቲ የምትባለው ልጇ፤ በስምንት ዓመቷ አዲስ ኪዳንን በግሪክ ቋንቋ ታነብ ነበር ይባላል።

ወደ ማታ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፤ ታላቁ ልጅ መናገር የጀመረውን ታናሹን፤ ሁለተኛው ደግሞ ከታች ያለውን እያቀፈ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ መዝሙረ ዳዊትና ከአዲስ ኪዳን ምዕራፍ ያነቡ ነበር። እንግዲህ በዚያ ቤት ያስተማሩት ወላጆች ብቻ አልነበሩም፤ ታላላቆቹ ለታናናሾቻቸው መምህር ነበሩ። እኔን ይህ ቦታ ነው የወጋኝ።

ስለ ቅጣትም ሳልጽፍ ባልፍ እውነቱን ግማሽ ማድረግ ይሆንብኛል። የሱዛና ቤት በቅጣት ጥብቅ ነበር። ሕፃናቱ ዓመት ሲሞላቸው፤ አንዳንዶቹም ከዚያ በፊት፤ አርጩሜን መፍራት፤ ሲያለቅሱም ድምፅ ሳያሰሙ ማልቀስ ይማሩ ነበር። ዛሬ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ከሚታወቀው ጋር ስናነጻጽረው ይህ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ማንም ወላጅ ይህን እንዲከተል አልመክርም። ነገር ግን ከሥርዓቷ ውስጥ ዛሬም ልንይዘው የሚገባ አለ። ጥፋቱን በእውነት የተናዘዘ ልጅ አይመታም ነበር፤ ይህን ያደረገችው ፍርሃት ልጆችን ውሸታም እንደሚያደርጋቸው ስላየች ነው። አንድ ልጅ ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም፤ ካለፈም በኋላ አይነቀፍበትም። የሰጠውን ቃል ሁሉ ይጠብቃል፤ ለሌላው ከሰጠው ስጦታ መልሶ አይወስድም።

ትዕግሥቷ ደግሞ እንደ ጥብቅነቷ ነበር። አንድ ቀን ባሏ ተቀምጦ ሲያዳምጥ አንዱን ነገር ለአንዱ ልጅ ሃያ ጊዜ መላልሳ እንደ ነገረችው ቈጠረና ትዕግሥቷን አደነቀ። እርሷም በአሥራ ዘጠነኛው ብታቆም ኖሮ ድካሟ ሁሉ ከንቱ ይሆን እንደ ነበረ መለሰችለት። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ያገራችን ተረት ለዚህች እናት የተነገረ ይመስላል።

አሁን ወደ ታላቁ አደጋ ደርሰናል። በ1709 የካቲት 9 ቀን እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በሣር የተከደነው የቄሱ ቤት በእሳት ተያያዘ። ሱዛና በዚያን ጊዜ ልትወልድ አንድ ወር ያህል ብቻ የቀራት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በእሳቱ መካከል አልፋ ፊቷና እጆቿ ተለብልበው ወጣች። ልጆቹ በደጅ ሲቈጠሩ አምስት ዓመት ተኩል የሆነው ጆን ጐደለ። አባቱ ሊያወጣው ቢሞክር ደረጃው ስለ ነደደ ተመለሰና በአትክልቱ ስፍራ ተንበርክኮ የልጁን ነፍስ ለእግዚአብሔር ዐደራ ሰጠ። ነገር ግን ልጁ ሳጥን ላይ ወጥቶ በመስኮት ታየ። መሰላል ለማምጣት ጊዜ ስላልነበረ አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ አወጣው። ወዲያውም ጣራው ወደ ውስጥ ተደረመሰ።

ቤት፤ ልብስና መጻሕፍት ሁሉ ነደዱ። ሱዛና በልጅነቷ ስለ እምነቷ የጻፈችው ጽሑፍም ከዚያው ጋር ተቃጠለ። ከሁሉ የከፋው ግን አዲሱ የጡብ ቤት እስኪሠራ ድረስ ልጆቹ በየሰዉ ቤት መበተናቸው ነበር። ተመልሰው ሲሰበሰቡ ያ የብዙ ዓመት ልፋት ፈርሶ ተገኘ። ስድ ንግግርና የማይረባ ዘፈን ለምደው፤ የእሑድን ቀን ማክበር ትተው ነበር። ከዚህ በኋላ ሱዛና ቤቱ በጡብ ሲሠራ እርሷ ደግሞ ልጆቿን እንደገና መሥራት ጀመረች።

ይህን በምታስብበት ወራት ኤሚሊያ የተባለችው ትልቋ ሴት ልጇ ከአባቷ መጻሕፍት መካከል አንድ ታሪክ አገኘች። ይኸውም በዴንማርክ ንጉሥ ተልከው በደቡብ ሕንድ ትራንክባር በተባለው ስፍራ ወንጌልን ስለሰበኩ ሰዎች የሚናገር ነበር። ሱዛና ይህን ሰምታ ለብዙ ቀን ሌላ ነገር ማሰብና መናገር አልቻለችም። እርሷ ሴት በመሆኗ፤ ደግሞም የልጆች እናት በመሆኗ ባሕር ተሻግራ ልትሰብክ አትችልም። ነገር ግን በጣራዋ ሥር ያሉት ነፍሳት ለእርሷ የተሰጡ መሆናቸውን አስተዋለች። ልጆቿን ሁሉ በአንድነት አስተምራቸዋለች፤ እያንዳንዳቸው በልባቸው ምን እንዳለ ግን ጠይቃቸው ታውቃለችን?

ስለዚህ አዲስ ሥርዓት አወጣች። ከሳምንቱ ማታዎች ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ መደበችለት። ሰኞ ከሞሊ ጋር፤ ማክሰኞ ከሄቲ ጋር፤ ረቡዕ ከናንሲ ጋር፤ ሐሙስ ከጆን ጋር፤ ዓርብ ከፓቲ ጋር፤ ቅዳሜ ከቻርልስ ጋር ትቀመጥ ነበር። እሑድ የኤሚሊያና የሱኪ ነበር። በዚያች ሰዓት ሌላው ልጅ አይገባም። የልጁን አሳብ ትጠይቃለች፤ የፈራውን፤ የበደለውን፤ ያልገባውን ታዳምጣለች፤ የምታውቀውን ትነግረዋለች፤ አብረውም ይጸልያሉ። ዕዳ ያለባት፤ ጤናዋ የታወከ፤ ቤቷ የተቃጠለባት ሴት ይህን ስታደርግ አንድ ማታ ስንት ሥራ ጥላ እንደምትቀመጥ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ለልጆቿ የሚሆን የእምነት መማሪያ በእጇ ስላልነበረም ስለ ጸሎተ ሃይማኖትና ስለ ዐሥርቱ ትእዛዛት ራሷ ጻፈችላቸው።

በ1711 መጨረሻና በ1712 መጀመሪያ ባሏ ለካህናት ጉባኤ ለንደን ሄዶ ሰነበተ። ረዳቱ ቄስ ከሰዓት በኋላ ጸሎት ስለማያደርግ ሱዛና እሑድ ማታ ልጆቿንና ሠራተኞቿን በማድ ቤት ሰብስባ ጸሎትና ስብከት ታነብላቸው ነበር። ከሠራተኞቹ አንድ ልጅ ለወላጆቹ ቢነግር መጥተው ለማዳመጥ ለመኑ፤ እነርሱም ለጎረቤት ነገሩ፤ በመጨረሻ ሁለት መቶ ሰው ያህል ተሰበሰበ፤ ቤቱ አልበቃ ብሎ የሚመለስም ነበረ። ረዳቱ ቄስ ቅር ብሎት ለሳሙኤል ከሰሰ፤ ሳሙኤልም እንድትተው ጻፈላት። እርሷ በትሕትና መለሰች፤ ነገር ግን በእውነት መተው አለብሽ ብሎ ካሰበ ምክር ሳይሆን ግልጽ ትእዛዝ እንዲጽፍላት፤ በፍርድ ቀንም ስለ እነዚያ ሰዎች የሚጠየቀው እርሱ እንዲሆን አሳሰበችው። ትእዛዙም አልመጣም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ያ ሁሉ ጉባኤ የተጀመረው ለራሷ ልጆች ከተሰናዳ ጸሎት ነው።

ይሁን እንጂ ሱዛናን እንከን የሌለባት አድርጎ መጻፍ ስሕተት ነው። ከባሏ ጋር እንኳ ትልቅ ጠብ ተጣልታለች። በ1701 ገደማ ሳሙኤል ስለ ንጉሥ ዊልያም ሲጸልይ እርሷ አሜን አለማለቷን አስተዋለ፤ ዊልያምን እንደ ትክክለኛ ንጉሥ አትቈጥረውም ነበርና። ሳሙኤልም ተቈጥቶ ወደ ለንደን ሄደ፤ ለብዙ ወራትም ተለያዩ። ንጉሡ በ1702 ከሞተ በኋላ ታረቁ፤ በ1703 የተወለደውም ጆን ነው።

የበለጠው ሐዘን የመጣው ግን በሄቲ ነው። ይህች ባለ ብሩህ አእምሮ፤ ገጣሚ ልጅ በ1725 ሊያገባት ተስፋ ከሰጣት ሰው ጋር ከቤት ወጥታ ሄደች። ሰውየውም ከዳት። አባቷ ከአእምሮዋ ጋር ምንም ለማይመጣጠን ለአንድ የቧንቧ ሠራተኛ አጋባት፤ ትዳሩም የመከራ ሆነ፤ የወለደቻቸው ሕፃናትም ተራ በተራ ሞቱባት። አባቷ ይቅር እንዲላት ብትለምንም ልቡን አላራራላትም፤ እናቷም ከባሏ ቍጣ ልታድናት አልቻለችም። በ1726 ወንድሟ ጆን በአባቱ ደብር ለኃጢአተኛ ስለሚገባ ፍቅር ሰበከ፤ አባቱም ለማን እንደ ተሰበከ ስላወቀ ተቀየመው። ቻርልስም በ1750 በመጨረሻ ሕመሟ እየሄደ ይጠይቃት ነበር።

የሄቲ ማታ ማክሰኞ እንደ ነበረ አንርሳ። በሕፃንነቷ የተሰጣት ማታ በጭንቋ ጊዜ ተነፈጋት። የሱዛና አባት ልጁ ከመንገዱ ብትለይም በሩን አልዘጋባትም ነበር፤ በኤፕወርዝ ቤት ግን በሩ ተዘጋ። ይሁንና በዚያች ማድ ቤት የተዘራው ፍቅር በወንድሞቿ አፍና እግር ሄቲን ፈልጎ ሄደ። እምነትን ለልጅ ማስተላለፍ ማለት የሚጠየቅ ሰው ሆኖ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን ልጁ ከወደቀ በኋላም ማታውን አለመንፈግ መሆኑን ከዚህ ተማርሁ።

ጆንና ቻርልስ አድገው በኦክስፎርድ ተማሩ። ጆን እዚያው መምህር ከሆነ በኋላ እንኳ ስለ ሃይማኖት የከበደውን ጥያቄ ለእናቱ ይጽፍላት ነበር፤ እርሷም በጥልቅ ዕውቀት ትመልስለት ነበር። የሊቃውንት ቤተ መጻሕፍት በእጁ ሳለ፤ እነዚያን የሐሙስ ማታዎች በመናፈቅ ከጊዜዋ ያችን ጥቂት ሰዓት እንድትሰጠው በደብዳቤ ለመናት። አባታቸው በ1735 ሞተ። በዚያው ዓመት ሁለቱ ወንድማማች ወደ አሜሪካ ወደ ጆርጂያ ለመሄድ ፈቃዷን ሲጠይቋት፤ መበለትና ድኻ ሆና ሳለ፤ ልጆቿ ሃያ ቢሆኑም ሁሉም ለዚህ አገልግሎት ቢሄዱላት ደስ እንደሚላት ነገረቻቸው።

ሁለቱ ወንድማማች ከጊዜ በኋላ ሜቶዲስት የተባለውን እንቅስቃሴ መሩ። ጆን ከሃምሳ ዓመት በላይ በፈረስ እየዞረ በሜዳ ለድኾች ሰበከ፤ ቻርልስም ከ6,000 የሚበልጡ መዝሙሮች ደረሰ። ሱዛና የመጨረሻ ዓመታቷን ያሳለፈችው በለንደን፤ ጆን የጸሎት ቤት ባደረገው በአሮጌ የመድፍ ማቅለጫ ቤት ነው። እዚያም ቶማስ ማክስፊልድ የተባለ ክህነት የሌለው ሰው መስበኩን ጆን ሰምቶ ሊያስቆመው ቢመጣ፤ አስቀድሞ ሰውየውን ራሱ እንዲያዳምጠውና ፍሬውን እንዲመረምር እናቱ መከረችው። ጆንም ሰምቶ ፈቀደለት። ከዚያ በኋላ ክህነት የሌላቸው ሰባክያን በዙ።

በ1742 በሐምሌ ወር ሱዛና በሰባ ሦስት ዓመቷ አረፈች። ነፍሷ ስትለይ ልጆቿ እንዳያለቅሱ፤ ይልቁንም ለእግዚአብሔር የምስጋና መዝሙር እንዲዘምሩ አዝዛ ነበር፤ እንዲሁም አደረጉ። በባንሂል ፊልድስ መካነ መቃብር ስትቀበር ጸሎቱን የመራው የሐሙሱ ልጅ ጆን ነው። ከእሳቱ በኋላ የተሠራው የኤፕወርዝ የጡብ ቤትም እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። ይህን ታሪክ አንብቤ እንደ ጨረስሁ ለትንሹ ወንድሜ ሐሙስ ማታ የእርሱ መሆኑን ነገርሁት። በመጀመሪያው ሐሙስ ምን እንዳጠፋ ሊጠየቅ የተጠራ መስሎት ፈርቶ ዝም አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው የነገረኝ ስለ እግር ኳስና ከክፍሉ ልጆች ጋር ስለ ተጣላበት ነገር ብቻ ነው፤ እኔም አዳመጥሁ። በአራተኛው ሐሙስ፤ መብራቱን ላጠፋ ስል፤ ያንኑ የአምና ጥያቄውን ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር በቂ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ እጁን ይዤ ሊጥ ታቦካ ወደ ነበረችው እናታችን ወሰድሁት። እርሷም እጇን ታጥባ በበርጩማዋ ተቀመጠች፤ አባታችን በክረምት መንገድ ላይ ሳሉ እርሷ ሌሊት እንዴት እንደምትጸልይና መልሱን ስትጠብቅ እንዴት እንደምታድር ነገረችን። ይህን ለአሥራ ሰባት ዓመት አብሬያት ስኖር አልሰማሁም ነበር፤ ጠይቄያት አላውቅምና።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ ልጆቻችሁ ዘወትር ያያችኋል፤ ግን ብቻችሁን የሚያገኙባችሁ ሰዓት አላቸውን? የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ እናንተም ታናናሾች አሏችሁ። ጥያቄአቸውን በቍጣ ብንመልሰው ሁለተኛ ላይጠይቁን ይችላሉ። እኔ በሚመጣው ዓመት ፈተናውን ካለፍሁ ከቤት እወጣለሁ። ከመውጣቴ በፊት ሐሙስን ለተከታዬ ለእኅቴ አስረክቤ እንድሄድ ተስማምተናል፤ እርሷም ከአሁኑ እያዳመጠች ትለማመዳለች።